ዘማር ላይ የሞላሁት ውሃ

ዛሬ ኤደን ከተማ፣ መንሱራ ሰፈር ላይ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ሞተሩ ግሎ ቆመ። ሹፌሩ ወርዶ ራዲያተሩ ላይ ውሃ ሲያፈስ ድምፁን ሰማሁና ፊቴን አዞርኩ።

አባቴ የራሱ አሮጌ የጭነት መኪና ነበረችው። ኤደን ሙቀቷ አይጣል ነው፤ በየማለዳው ራዲያተሩን ውሃ መሙላት የእኔ ሥራ ነበር። ስምንት ዓመቴ ላይ፣ ትምህርት ሲዘጋ፣ ደረቅ ዓሣ ጭኖ ወደ ደጋው፣ ወደ ዘማር ይዞኝ ወጣ። ስንደርስ ፀሐይ እየጠለቀች ነበር፤ ጥርሴ ይንገጫገጫል። አባዬ ከሞተሩ ሥር ገብቶ የራዲያተሩን ውሃ በሙሉ ለቀቀና ማፍሰሻውን መልሶ ዘጋው።

«አባዬ፣ ለምን ደፋኸው?»

«ብርዱ ውሃ እንዳያገኝብን ነው፣ የኔ እናት» አለኝና መግሪብ ሊሰግድ መስጊድ ገባ።

አልገባኝም። ብርድ ውሃ ምን ያደርግለታል? ደስ እንዲለው ብዬ የውሃውን ጄሪካን አንስቼ ራዲያተሩን እስከ አፉ ሞላሁለት።

ጠዋት ሞተሩ አልነሳም። ውሃው በረዶ ሆኖ ብረቱን ሰንጥቆታል። አባዬ ስንጥቁን በጣቱ ዳሰሰ፤ ባዶውን ጄሪካን አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ። ኮቱን አውልቆ አለበሰኝ።

መኪናዋ በዚያው ቀረች። እማዬ ሰው ቤት ተቀጠረች።

«መድፋቱን ረስቼ ነው» አላት አባዬ።

«በአንተ ዝንጉነት የሰው ሽንት ቤት አጣቢ ሆንኩ!» ትለው ነበር ዕድሜዋን ሙሉ፣ ከሥራ በገባች ቁጥር። እሱ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። እኔም አጠገቡ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።

ባለፈው ወር ቀበርናት። አባዬ አልነገራትም። እኔም።