የምሥራቹን በማለዳ

አዲስ አበባ የተያዘችው በግንቦት 1983 ነው። ብዙ ሰው ያን ቀን ያስታውሳል፤ እኔ ግን ከአእምሮዬ የማይወጣው ማግስቱ ነው። ትዝ ባለኝ ቁጥር ራሴን እወቅሳለሁ።

ያኔ ደሴ አስተማሪ ነበርኩ። ከተማችን ከቀናት በፊት ስለተያዘች ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል፤ ሰዉም ወሬ መጠየቅ እንኳ ሰልችቶታል። ጎረቤቴ እትዬ አበበች ግን ወሬ ይጠብቃሉ። አንድ ልጃቸው ሰይፉ ከሐርቡ ገበያ ታፍሶ ወታደር ከሆነ ሦስት ዓመቱ ነው። የመጨረሻ ደብዳቤው የመጣው ከአዲስ አበባ ዙሪያ ነበር።

ጦርነቱ ማለቁን በቄስ አየለ ሬዲዮ ስንሰማ እሳቸው አልነበሩም። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የተኛች እህታቸውን ሲያስታምሙ ውለው አምሽተው ተመለሱ። በማግስቱም በጠዋት እንደሚወጡ ስለምናውቅ ሳይሄዱ እንንገራቸው ተባባልን። ቄሱ፣ ጋሽ ሙሄና እኔ ጋቢያችንን ተከናንበን ጎህ ሲቀድ በራቸውን አንኳኳን።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ሦስታችንም እናውቃለን። በዚያ ጦርነት ስንቱን ቤት እንዲሁ በማለዳ፣ ቄስ ወይ ሼህ አስቀድመን አንኳኩተናል። የዚያን ዕለት ግን አንዳችንም አላሰብነውም። ደስታው ነው መሰለኝ ያዘናጋን፣ ወይ ድካሙ።

በሩን ከፍተው አዩን። አልጮኹም። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ወገባቸው ላይ አሰሩና መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

«ተናገሩ በቃ፤ እናንተን ስጠብቅ ነው የከረምኩት» አሉ።

«ኧረ በአላህ እትዬ አበበች፣ ለክፉ አይደለም የመጣን» አሉ ጋሽ ሙሄ።

ቄሱ ጦርነቱ ማለቁን፣ አዲስ አበባ መያዟን ነገሯቸው። መርዶ ነጋሪ ግን ሁልጊዜ ከሩቅ ነው የሚጀምረው፤ እትዬ አበበችም ይህን አያጡትም። አስጨረሱንና፣

«እሺ፤ ልጄስ?» አሉ።

ስለ ልጃቸው የምናውቀው ነገር አልነበረም። አናውቅም ብንላቸው አላመኑንም። ያን ቀን ነጠላቸውን ከወገባቸው ሳይፈቱ ዋሉ።

ሰይፉ እስከ ዛሬ አልተመለሰም፤ ሞቷል ብሎ የነገራቸውም የለም። እሳቸው እኛ እያወቅን የደበቅናቸው ይመስላቸዋል። ማስረዳቱ ደክሞኝ ከተውኩት ቆየሁ።

በየዓመቱ ለግንቦት 20 ሰዉ ሰልፍ ወጥቶ ሲመለስ፣ እኔ ከሰዓት በኋላ ልጠይቃቸው እሄዳለሁ። ሳይከፍቱ መጀመሪያ ከውስጥ ይጠይቁኛል።

«መምህር፣ ብቻህን ነህ?»

«ብቻዬን ነኝ እትዬ።»

ከዚያ ይከፍቱልኛል።