አምስተኛው ሥዕል

ግላፊራ ጡረታ ልትወጣ ስለሆነ ለፋብሪካችን የግድግዳ ጋዜጣ የሕይወት ታሪኳን እንድጽፍ ታዝዣለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ ክፍል ክር ስንፈትል ስለኖርን ከሪማ፣ ከኔ ማለት ነው፣ የተሻለ የሚያውቃት የለም አሉ። እውነታቸውን ነው። እንደኔ የቀናባትም የለም። ለጋዜጣው ሌላ ጽፌ ሰጥቻለሁ፤ ይኼ የራሴ ነው።

ባሏ በሳንባ በሽታ ከሞተባት በኋላ ብዙ ዓመት ብቻዋን ኖረች። ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ ሥራዋ የማይነቀፍ፣ ሰው የማታማ ሴት ናት። እንዲህ ያለች ሴት እንዴት እንደምታናድድ አትጠይቁኝ! የምትጠላበት ምክንያት እንኳ አትሰጥም።

ነገሩ የመጣው በሜይ ዴይ ሰልፍ ነው። በየዓመቱ የፖሊት ቢሮ አባላትን፣ የፓርቲውን ቁንጮዎች፣ ሥዕል በእንጨት ላይ ሰቅለን በአደባባዩ እናልፋለን። ሥዕሉን አንዴ ፈርሞ የተረከበ ሰው በየዓመቱ የሚይዘው ያንኑ ነው። የአባላቱ የማዕረግ ተራ ግን ከሞስኮ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ማን ከማን ጎን እንደሚሄድ የምንወስነው እኛ አይደለንም። እኔ ሥዕሉን የምይዝለት ሰውዬ አምስተኛ ነበር። ስድስተኛውን የሚይዘው ኤፊም የሚባል መካኒክ ነው፤ ሚስቱ ጥላው የሄደች፣ ሲስቅ የሚያምርበት። ሰባት ዓመት ጎን ለጎን ሄድን። ነፋስ ሻሼን ሲገልጠው እንጨቴን ይይዝልኝ ነበር። ዘንድሮ ይጠይቀኛል፣ ዘንድሮ ይጠይቀኛል እያልኩ ከሜይ ዴይ ሜይ ዴይ ስቆጥር ኖርኩ።

በስምንተኛው ዓመት ያ የኔ ሥዕል ሰውዬ ምን እንዳጠፋ እንጃ፣ ወደ አሥራ አንደኛ ወረደ። ግላፊራ የምትይዘው ከኋላ ተነሥቶ አምስተኛ ሆነ። ልምምድ ላይ ኤፊም የሷን እንጨት ሲያቃናላት አየሁ። የፋብሪካችንን የፓርቲ ሰብሳቢ ጓድ ክሩግሎቭን ቦታ ቀያይረን ብዬ ለመንኩት። አርፈሽ በተራሽ ተሰለፊ አለኝ።

አላረፍኩም። ሥዕሎቹ የተቀመጡበት ክፍል ቁልፍ ያለው ግላፊራ ጋ ነበር። በበዓሉ ዋዜማ ሻርፔን እዚያ ረሳሁ ብዬ ቁልፉን ተቀበልኳት፤ ገባሁና በኔና በሷ እንጨት ላይ የተለጠፉትን የተራ ቁጥሮች ልጬ አቀያየርኳቸው። በነጋታው በጥድፊያው ማንም አላስተዋለም። ግላፊራ አዲስ ትእዛዝ የመጣ መስሏት ዝም ብላ ወደ ኋላ ሄደች። እኔም ከኤፊም ጎን፣ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። እሱ ግን ያን ቀን ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ ዞሮ አየ።

መድረኩ ላይ ከቆሙት ባለሥልጣናት አንዱ ተራው መዛባቱን ቆጥሮ ደረሰበት። የፖሊት ቢሮ ተራ ቀልድ አይደለም። ስብሰባ ተጠራና ጓድ ክሩግሎቭ ላቡን እየጠረገ ቁልፉ ማን ጋ ነበር አለ።

«እኔ ጋ ነበር» አለች ግላፊራ። ለኔ መስጠቷን ታውቃለች። አየችኝና ሌላ ቃል ሳትጨምር ተቀመጠች። እኔም አፌን ያዝኩ።

ኤፊም ከወንበሩ ተነሣ።

«የቀየርኩት እኔ ነኝ።»

አውቆብኛል፣ ለኔ ብሎ ነው አልኩ። ሰባት ዓመት የጠበቅኩት ይኼው መጣ ብዬ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

«አንተ ከመቼ ወዲህ ነው ሥዕል የምትነካው?» አለ ክሩግሎቭ።

«ግላፊራን ተዋት አልኩህ» አለ ኤፊም። ስሟን ሲጠራ ድምፁ ተንቀጠቀጠ። በኔ በኩል ዘወር ብሎ እንኳ አላየም።

በፋብሪካው ወጪ ለዕረፍት የሚሄድበትን ፈቃድ ሰረዙበት፤ እሱም ቁልፍ ያዥዋ ግላፊራም ዳግመኛ ሥዕል እንዳይዙ ተወሰነ። እኔ እውነቱን ለመናገር ያን ቀን ጊዜ ነበረኝ፣ ማግስቱንም ነበረኝ፣ እስከ ዛሬም አለኝ። በመኸር ተጋቡ። ለሠርጋቸው ጠርተውኝ አመመኝ ብዬ ቀረሁ።

በቀጣዩ ዓመት የግላፊራን ሥዕል ለኔ ሰጡኝ፤ አምስተኛዋ እኔ ሆንኩ። ወደ አደባባዩ ስንታጠፍ ወደ ኋላ አየሁ። ባዶ እጃቸውን ከሰልፉ ጭራ ላይ ነበሩ፤ ክንዷን በክንዱ አቆላልፎ የሆነ ነገር ይነግራታል፣ እሷም ትስቃለች። ነፋሱ ብርቱ ስለነበር እንጨቱን በሁለት እጄ ጨብጬ፣ እንባዬን እንኳ ሳልጠርግ በመድረኩ ፊት አለፍኩ።