ሁለት ጊዜ የሣልሁት ግድግዳ

ሥዕል ልማር ብዬ የኔታ ገላው ዘንድ የገባሁ ቀን ብሩሽ አልያዝሁም። የኔታ በደብረ ማርቆስ ዙሪያ የታወቁ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ። ድንጋይና መጅ አቀረቡልኝና ከሰል ፍጭ አሉኝ። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ፈጨሁ። ማታ አጠገባቸው አስቀምጠው ስፈጭ ምን ሳስብ እንደዋልሁ ጠየቁኝ። መቼ እንደሚያልቅ ነው ያሰብሁት አልኋቸው።

"ነገ አቡነ ዘበሰማያት እያልህ ፍጭ" አሉኝ። ሌላ ትምህርት የዚያን ቀን አልሰጡኝም።

ሥርዓታቸው ቀላል ነበር። ጠዋት ይጸልያሉ። አቡጀዲውን በሙጫ ግድግዳው ላይ ይለጥፋሉ፣ ጀሶ ይቀቡታል፣ ሲደርቅ ይነድፋሉ፣ ከዚያ የቅዱሳኑን ልብስ ቀለም ይቀባሉ። ፊት የሚሣለው መጨረሻ ነው። ፊት በሚሥሉበት ቀን ይጾማሉ፤ የተቀያየሙት ሰው ካለም ሳይታረቁ ብሩሽ አያነሡም። እኔ መጀመሪያ የልብስ ዘርፍ፣ ቀጥሎ እጅና እግር ተፈቀደልኝ። ዓይን የተፈቀደልኝ ጢሜ ከወጣ በኋላ ነው።

ወደ አሶሳ የሄድሁት ክልሉ በተቋቋመ ሰሞን ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎች የእመቤታችንን ቤተ ክርስቲያን ሠርተው ነበር። ግድግዳው ግን ባዶ ነው። አስተዳዳሪው ቄስ ምሕረቱ ሠዓሊ እንዲልኩላቸው የኔታን ለመኑ። የኔታ አርጅተው ነበርና እኔን ላኩኝ። ባለቤቴን ጥሩወርቅን ይዤ በአውቶቡስ ወረድሁ።

አሶሳ ያን ጊዜ ሁሉም መሥሪያ ቤት አዲስ ነበር። ቢሮው ይከፈታል፣ ወንበሩ ሳይሟላ ታፔላ ይፈለጋል። ፊደሌ ቆንጆ ስለሆነ ለእንጀራዬ ታፔላ እጽፍ ጀመር። ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን፣ ከሰዓት በኋላ ታፔላ። በበጋ ሙቀቱ ቀለሙን ብሩሹ ላይ ያደርቀዋል፤ ስለዚህ ጎሕ ሲቀድ እጀምርና ፀሐይ ስትበረታ አቆማለሁ።

አቶ ደረሰ የሚባሉ የአንድ ቢሮ ኃላፊ ጽሕፈቴን ወደዱት። ቋሚ ሠራተኛ ላድርግህ፣ ጡረታም አለው አሉኝ። ጥሩወርቅ ደስ አላት። እኔ ግን ጠዋቴን መስጠት አልፈለግሁም፤ አመስግኜ ተውሁት። ኃላፊው አልተቀየሙም፤ ሐሳብህን ከለወጥህ ና አሉኝ።

የመቅደሱን ምዕራብ ግድግዳ ለመጨረስ ዓመታት ፈጀብኝ። መሐሉ ላይ እመቤታችንን ከነልጇ ሣልኋት። የፊቷ ቀን ጾሜ፣ ጸልዬ፣ ከማንም ጋር ቂም ሳይኖረኝ ጀመርሁ። ስጨርስ ከመሰላሉ ወርጄ መሬት ላይ ተቀመጥሁ። እንደዚያ ቀን ያለ ሰላም ከዚያ በፊት አላውቅም። እትዬ ዘውዴ የሚባሉ ሰፋሪ እናት ነበሩ። ከወሎ ሲመጡ ልጃቸው መንገድ ላይ የሞተባቸው ናቸው። ቅዳሴ ሳይኖርም እየመጡ የቀሚሷን ዘርፍ በግንባራቸው ይነኩ ነበር።

ክረምት ሲወጣ እትዬ ዘውዴ ቤቴ መጡ። የእመቤታችን ቀሚስ ተነፍቷል፣ እየው አሉኝ። ሄጄ በጣቴ ጫን ባደርገው ጣቴ ወደ ውስጥ ገባ። ምስጥ ነው። ከበስተኋላ ገብቶ አቡጀዲውንና ሙጫውን በልቶ የቀረው የቀለሙ ቅርፊት ብቻ ነበር። ጫፉን ሳነሣው ከላይ እስከ ታች ተንዶ እግሬ ሥር ወደቀ። ፊቷም አብሮ።

ቄስ ምሕረቱ መጥተው አዩ። ከዚያ፣ "ምናልባት እግዚአብሔር አልተቀበለው ይሆናል" አሉ።

ዕቃዬን ሰብስቤ ወጣሁ። በሳምንቱ አቶ ደረሰ ቢሮ ሄጄ ተቀጠርሁ።

ሥራው መልካም ነበር። ታፔላ፣ የበዓል መፈክር፣ የበር ቁጥር እጽፋለሁ። አለቃዬ ደግ ሰው ናቸው። ከቢሮ በሰዓቱ ወጥቼ ቤቴ እገባለሁ። ግን በትንሽ በትልቁ እቆጣ ጀመር። ጠዋት ስነሣ እጄ የሚይዘውን ያጣል። ጸሎትም ተውሁ። ለካ እኔ ብሩሽ ሳልይዝ መጸለይ አልተማርሁም ነበር።

አንድ እሑድ ጥሩወርቅ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ሥራውን እንድይዝ የፈለገች እሷ ራሷ ናት።

"ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ደክሞህም ቢሆን ሰው ሆነህ ነበር የምትገባው" አለችኝ። "አሁን በጊዜ ትመጣለህ፤ ማን እንደመጣ ግን አላውቅም። ሂድና ሥራህን ሥራ።"

ለአቶ ደረሰ ነገርኋቸው። ጠዋቱን ልቀቁልኝ፣ እንደድሮው ታፔላውን በውል ልጻፍ አልኋቸው። ትንሽ አዘኑ፤ ግን እሺ አሉኝ።

ግድግዳውን የጠገነልኝ ሐሚድ ነው። ሐሚድ የዚያው አገር የበርታ ተወላጅ ግንበኛ ነው። ጭቃውን አብረን ፋቅን፣ መሠረቱን ቆፍረን የተቃጠለ የሞተር ዘይት አጠጣን፣ በሲሚንቶ ለሰንነው። ከእንግዲህ አቡጀዲ እንዳይኖር፣ በልስኑ ላይ እንድሥል ወሰንሁ። ሙስሊም ስለሆነ ቤተ ክርስቲያን መሥራቱ ይከብደው እንደሆነ ጠየቅሁት። ሳቀ። የአባቱ ቤትም፣ መስጊዱም በዚሁ ምስጥ ተበልቶ መጠገኑን ነገረኝ። ዕቃውን ሲሰበስብ ወደ ግድግዳው አየና አማርኛው እየቸገረው ጠየቀኝ።

"ሠዓሊ፣ ምስጥ ሌላ ቀን ይመጣል። ያን ጊዜ አንተ ምን ያደርጋል?"

"እንደገና እሥላለሁ" አልሁት። ይህን ከአፌ እስካወጣው ድረስ እንደማስበው አላውቅም ነበር።

ልብሱ አለቀ፣ እጆቹ አለቁ። ፊቷ ቀረ። ብሩሽ ማንሣት አልቻልሁም፤ ከቄስ ምሕረቱ ጋር አልታረቅሁምና። ቤታቸው ሄድሁ። ገና ሳልናገር እሳቸው ቀደሙኝ።

"ያን ቃል ያወጣሁት ደንግጬ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ቅዳሴ ስገባ ሁሌ ይቆጠቁጠኛል" አሉኝ። ይቅር ተባባልን። ፈታኝ ሆኖ የሰነበተው ነገር ያለቀው ገና ደጃቸው ላይ ቆሜ ሳለሁ ነው።

በማግስቱ ጾሜ ጀመርሁ። የመጀመሪያውን ፊት ልመልሰው ብሞክርም እጄ እምቢ አለ። የወጣው ሌላ ፊት ነው፤ ዓይኖቹ ትንሽ ዝቅ ያሉ፣ አፉ የደከመ። እትዬ ዘውዴ በምርኩዝ መጡ። ረጅም ጊዜ ቆመው አዩ።

"ይቺ ታውቀኛለች" አሉና ግንባራቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉ።

ከዚያ ወዲህ ማንቡክ ከተማ ድረስ እየሄድሁ ብዙ ግድግዳ ሥያለሁ። አሁን ዓይኔ ደክሟል፤ ፊት አልሥልም፣ ሥዕል ለሚማሩት ወጣቶች ቀለም እበጠብጣለሁ። ሥራው ስንት ዓመት ይቆያል ብለው ይጠይቁኛል። አላውቅም። ቀለሙ እንዲቆይ የሚደረገውን ሁሉ አድርጉ፣ ከዚያ ተዉት እላቸዋለሁ። የሠዓሊ ድርሻ ጠዋት ተነሥቶ መሥራት ነው፤ ግድግዳውን የሚጠብቀው ሌላ ነው።