ለወባ ብርድ የተሠራ ባና

ባናው የተረገጠ ዕለት ግቢያችን ውስጥ የነበርነው እኔ፣ ወንዱ ልጄ፣ ታናሽ እህቱ፣ ባናውን የሠሩልን አዛውንት ሸማኔና ከጎናችን ሱቅ ያላቸው ሐጂ ነን። ሌላ ሰው አልነበረም። ይህን የምጽፈው ልጄ አሁን የት እንዳለ ስለማላውቅ ነው።

ባና ከበግ ጠጉር የሚሠራ ወፍራም የደጋ ልብስ ነው። መተማ ላይ ባና ምን ያደርጋል የሚሉኝ ብዙ ናቸው። እዚህ ሰው ከሙቀቱ የተነሳ አንገረቡን፣ ያን የገመድ አልጋ፣ ደጅ አውጥቶ ነው የሚተኛው። ወባ ሲነሳ ግን ብርዱ ከደጋ ብርድ ይብሳል። የልጆቼን አባት የወሰደብኝ ወባ ነው። ሰሊጥ እርሻ ላይ ሲንቀጠቀጥ የለበሰው ባዶ ጆንያ እንደነበር አብረውት የነበሩት ነግረውኛል። ልጄም በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ይነሳበታል። ዘንድሮ ከሽንፋ ወዲያ ካለ እርሻ በትራክተር ሰሊጥ ሊያጓጉዝ ሲቀጠር፣ ሌላው ሰው ደመወዙን ጠየቀው፤ እኔ ያን ብርድ ማሰብ ጀመርሁ።

የቆላ በግ ጠጉሩ እንደ ፍየል አጭር ስለሆነ ለክር አይሆንም። ደጋ፣ ደባርቅ ያለው ወንድሜ ዘንድ ላክሁና ጥቁርና ነጭ ጠጉር በጆንያ ሰደደልኝ። ክረምቱን ሙሉ አጠብሁ፣ እሾሁን ለቀምሁ፣ በደጋን ነድፌ ፈተልሁ። ላቤ ክሩ ላይ ሲንጠባጠብ ልጄ ይስቅብኝ ነበር። "እማ፣ እኔ ሳልታመም አንቺ ልትታመሚ ነው።"

ሸማኔው ከወሎ የመጡ ሰው ናቸው። ባናው ተሸምኖ ቁራጮቹ ከተሰፉ በኋላ የቀረው መርገጥ ነበር። አዲስ ባና ለብ ባለ ውሃ ርሶ በእግር ካልተረገጠ ክሩ አይያያዝም፣ ነፋስ ያስገባል። መሬቱ ላይ ሸራ ዘርግተን ውሃ አፈሰስን፤ ልጄና እህቱ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ይረግጡ ጀመር። ሐጂ ጀለቢያቸውን ሰብስበው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል።

"በዚህ ፀሐይ ባና!" አሉ። "እኔ ሱቅ ከሱዳን የመጣ ስስ ብርድ ልብስ ሞልቶልሽ!"

"የእርስዎን ብርድ ልብስ ወባ ሲያየው ይስቃል፣ ሐጂ።"

"ወባ ይስቃል እንዴ? እኔ የማውቀው ሲያስለቅስ ነው።"

ሸማኔው ጎንበስ ብለው በጣታቸው ዳሰሱና "ይበቃዋል" አሉ። እኔ ጠርዙን አንስቼ ወደ ፀሐይ ያዝሁት። ብርሃን በክሩ መሃል ሾልኮ ታየኝ። ልቤ አላረፈም።

"ትንሽ ይረገጥ፣ አባባ። ብርሃን ያስገባል እኮ።"

"ቢያስገባ ምን አለበት? ሲደርቅ ይጠብቃል። ባና አንዴ ከተኮማተረ ደግሞ ቢጎትቱት አይመለስም።"

"ግድ የለዎትም፣ ትንሽ ብቻ።"

ከምድጃው የፈላ ውሃ አምጥቼ ጨመርሁበት። ልጅቱ "ቀቀልሽኝ!" ብላ ዘላ ወጣች። እሱ የፕላስቲክ ቦቲውን አጥልቆ ቀጠለ፣ እኔም ጫማዬን አድርጌ ገባሁበት። ባናው ከእግሬ ሥር ሲወፍር ደስ አለኝ። ማጠሩን ያየሁት ጨምቀን ሽቦው ላይ ስናሰጣው ነው።

ልጄ ቁመተ ረጅም ነው። እርጥቡን ባና ከሽቦው ላይ አውርዶ ከነውሃው ለበሰና አንገረቡ ላይ ተጋደመ። ከአንገቱ ጀምሮ ጉልበቱ ላይ ቀረ።

"ግድ የለም፣ ከጉልበት በታች ወባ የለም" አለ።

"ለግመል ኮርቻ ይሆናል፣ እኔ እወስደዋለሁ" አሉ ሐጂ።

ሁሉም ሳቁ፤ ሸማኔው ብቻ አልሳቁም። "ከግርጌው ቁራጭ እቀጥልበታለሁ" አሉኝ። "ክር ተርፎሻል። እስከ ነገ ወዲያ ታገሺኝ።"

ወደ እርሻው የሚወስደው መኪና ግን በማግስቱ ጠዋት ሰሊጥ አጫጆችን ጭኖ መጣ።

"ያጠረውም ቢሆን ያዘው" አልሁት።

"እማ፣ እነዚህ ሁሉ ሰዎች ፊት ባና ታቅፌ ልወጣ? የደጋ ሙሽራ ይሉኛል።"

"ይበሉህ።"

"ደግሞ እርጥብ ነው። ሲደርቅ ትልኪልኛለሽ።" ግንባሬን ሳመኝ። የወባ መድኃኒቱን መያዙን ደጋግሜ ስጠይቀው ኪሱን መታ መታ አድርጎ አሳየኝና መኪናው ላይ ተንጠላጥሎ ወጣ።

ሸማኔው ቁራጩን ሠሩ፣ እኔ ሰፋሁት። ወደ እርሻዎቹ ውሃ ለሚያመላልስ ሾፌር ሰጥቼ ላክሁት። ከዚያ ወዲህ መቀመጥ አቃተኝ። እደውላለሁ፣ ስልኩ አይሠራም። ከቤቴ እስከ ሐጂ ሱቅ፣ ከሱቁ እስከ መንገዱ እመላለሳለሁ። መኪና የቆመ ሲመስለኝ ማማሰያውን እንደያዝሁ እወጣለሁ፤ የሌላ ሰው ይሆናል። ልጅቱ "ተቀመጪ እንጂ፣ የሚያባርርሽ ያለ ነው የሚመስል" ትለኛለች።

ሾፌሩ ባናውን እንደታጠፈ ይዞት ተመለሰ። የእርሻው ካምፕ ተነስቷል አለኝ፤ ሰሊጡ ስላለቀ ሠራተኛው ወደ ሌላ እርሻ ሄዷል። እዚያ የቀሩ ሁለት ጠባቂዎችን ጠይቆ ነበር። አንዱ "ትራክተረኛው አተኩሶት ወደ ሽንፋ በእግሩ ወጥቷል" አለው። ሌላው "የለም፣ ያ ሌላ ልጅ ነው፤ እሱ ከወንዙ ማዶ ሰሊጥ እየጫነ ነው" አለው። ሽንፋ ያለች ዘመዴ ጤና ጣቢያው ድረስ ሄዳ ጠየቀችልኝ፤ አላገኘችውም። ይህ ደግ ወሬ ይሁን ክፉ መለየት አቃተኝ። ሐጂ ሰው ልከዋል፤ "ጠብቂ" ይሉኛል። መጠበቁን አልቻልሁበትም።

በዚያ በኩል የምታልፉ፣ ሾፌርም ሁኑ አጫጅ፣ ረጅም፣ ጠይም፣ ከግራ ቅንድቡ በላይ ጠባሳ ያለበት ትራክተር ነጂ ካያችሁ፣ ታሞም ከሆነ ደህናም ከሆነ፣ ወሬውን ወደ መተማ ለሚመጣ ሰው ንገሩልኝ።