በቀዩ ይምጣ

ልጄ ትዕግሥት የእንስሳት ሐኪም ናት። ባለፈው ሳምንት መሥሪያ ቤቷ ለመስክ ሥራ ሞተር ብስክሌት ሊገዛላት ሆነና «ከሁለቱ አንዱን ምረጪ» ቢላት፣ አብሬያት እንድሄድ ለመነችኝ። ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ሱቅ ገባን። ሁለቱም አንድ ፋብሪካ የሠራቸው፣ በጉልበትም በዋጋም እኩል፣ ለአስፋልትም ለኮረኮንችም የሚሆኑ ናቸው። አንደኛው ላይ ወጥታ ተቀመጠችና ወደ መሪው ጎንበስ ብላ «አባዬ፣ ይኼኛው ይመቻል! ደግሞ ያምራል» አለችኝ። አጠገቤ ያለውን መደርደሪያ ተደገፍኩ። ሻጩ ሮጦ ወንበር አመጣልኝ። እርጅና መስሎት ይሆናል፤ ይምሰለው።

አሰብ የሄድኩት በደርግ ጊዜ፣ የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ሆኜ ነው። ጤና ረዳት ነበርኩ። ከደሴ ብርድ ነቅሎ እዚያ እሳት ውስጥ የጣለኝን ምደባ ስንት ቀን ረገምኩት! በክረምቱ፣ ደሴ በዝናብ ስትርስ እኛ አንሶላ ውሃ ውስጥ እየነከርን ነበር የምንተኛው። ዘውዱ ባይኖር አንድ ወርም አልቆይ። ዘውዱ የጎጃም ልጅ፣ የሥራ ባልደረባዬ፣ ቀጭን፣ ሳቂታ፣ ክርክር ላይ ግን ችክ የሚል ሰው ነበር። «አንተ ደሴ» ነበር የሚለኝ። በስሜ የጠራኝ ቀን ትዝ አይለኝም።

ክሊኒካችን ሁለት ሞተር ነበረው፤ ቀይና ነጭ። ከሩቅ ላያቸው ከቀለማቸው በቀር አይለዩም። ቀዩ መሪው ሰፊና ከፍ ያለ ነው፤ ቀና ብለህ ትነዳዋለህ፤ መርገጫው ላይ ስትቆምም በጉልበትህ ጨብጠኸው ክብደትህን ወደ ኋላ መጣል ትችላለህ። ነጩ መሪው ጠባብና ዝቅ ያለ፣ ወደ ፊት የሚያስጎነብስ ነበር። አስፋልት ላይ ማን ይችለዋል! እኔ የነጩ ወገን ነበርኩ፣ ዘውዱ የቀዩ። ወደቡ አካባቢ በትኩስ ቂጣ ዓሣ እየበላን፣ ጣታችን ቅባት እንደነካው፣ ክርክሩ ይጀመራል።

«ነጩ ላይ ስትቀመጥ እኮ ጌታ ነህ» እለዋለሁ።

«መቀመጥማ ሶፋ ላይም ይቀመጣሉ! አሸዋ ላይ ቆመህ ነው የምትነዳው። ያ ሞተርህ ቆመህም ያጎነብስሃል፤ ክብደትህ በሙሉ የፊት ጎማው ላይ ነው። ጎማው ይቀበራል፣ አንተም ትከተለዋለህ።»

«አንተ ከጎጃም ጭቃ ሌላ ምን ታውቃለህ?»

«አንተስ ከጦሳ ተራራ ሌላ ምን አይተሃል?» ብሎ ይስቅብኛል።

እውነቱን ነበር፤ እኔም አውቀዋለሁ። ግን የያዝኩትን መልቀቅ አልወድም። ዛሬም አልወድም፤ ሚስቴን ጠይቋት።

ነሐሴ መግቢያ ላይ ዘውዱ ለክትባት በረሃው ውስጥ ወዳለችው ደባይሲማ ሄደ። የመሥሪያ ቤታችን መኪና አደረሰውና ተመልሶ ሌላ ቡድን ይዞ በባሕሩ ዳርቻ ወደ ዒድ ወጣ። በአምስተኛው ቀን ጠዋት አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ክሊኒካችን በር ላይ ቆመ።

«ደሴ የሚባለው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ጓደኛህ ታሟል። የደባይሲማ መገንጠያው ላይ አንድ አፋር አስቁሞ ነው የነገረኝ። ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፤ አልቋል አሉ። ግሉኮስ ይዞ ይምጣ ብሏል። ደግሞ በቀዩ ይምጣ ብሏል።» ሾፌሩ ግራ ገብቶት ረዳቱን አየው። «ቀዩ ምንድነው?»

ወደ ላይ የሚሄዱት የጭነት መኪኖች በኮንቮይ ስለሆነ የሚወጡት በማግስቱ ነበር። ያኔ ግሉኮስ የሚመጣው በጠርሙስ ነው። ስድስት ጠርሙስ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ሳጥን ውስጥ አደረግሁ። የይለፍ ወረቀት ለማስፈረም ሁለት ሰዓት ቆምኩ፤ የሚፈርመው ሰውዬ ስብሰባ ላይ ነበር። እዚያ በር ላይ ቆሜ ዘውዱ በየደቂቃው ሲደርቅ ይታየኛል። የሰው ልጅ ውሃ ሲያልቅበት እንዴት እንደሚሆን ሥራዬ ስለሆነ አውቀዋለሁ፤ ባላውቀው ይሻለኝ ነበር።

ሁለቱ ሞተሮች ጥላው ሥር ጎን ለጎን ቆመዋል። አብዛኛው መንገድ አስፋልት ነው፣ ነጩ ግማሽ ሰዓት ያተርፍልኛል፣ አሸዋው ጥቂት ነው አልኩ። ይኼ ለራሴ የነገርኩት ነው። ከሥሩ ሌላ ነገር ነበር፤ በነጩ ደርሼ፣ አድኜው፣ «አየህ?» ልለው ፈለግሁ። ሞት አፋፍ ላይ ካለ ሰው ጋር ክርክር! እግዜር ያሳያችሁ።

አስፋልቱን በረርኩበት። ንፋሱ ከምድጃ እንደሚወጣ ትንፋሽ ፊቴን ይገርፈኛል፤ እኔ ግን ደስ ብሎኛል፤ ግማሽ ሰዓቴን አትርፌያለሁ። መገንጠያው ጋ ታጥፌ አሸዋው ውስጥ ገባሁ። ገና መቶ ሜትር ሳልሄድ መሪው ከእጄ ይታገል ጀመር። እኔ ደገኛው ምን አደረግሁ? ነዳጅ ቀነስኩ። ደሴ ጭቃ ላይ ጎማ ሲያንሸራትት እንደዚያ ነበር የምንተርፈው። አሸዋ ግን ነዳጅ ጨምረህ፣ ወደ ኋላ ተደግፈህ ነው የሚታለፈው። ልደገፍ ብዬ ብቆም መሪው ጎትቶ መልሶ አጎነበሰኝ። የፊት ጎማው ተቀበረ፤ እኔም ተከተልኩት።

ሳጥኑን ስከፍት ሁለት ጠርሙስ ተሰብሯል። ሞተሩን እያለቀስኩ አነሣሁ። ወዲያው ደግሞ ወደቅሁ፤ ሌላ ሁለት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ። ምኑን ልልቀም? አሸዋው ጠጥቶታል። እርጥቡን ቦታ በእጄ ዳበስኩት፤ ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር። ለሦስተኛ ጊዜ ስወድቅ ሞተሩ አልነሣም አለ። ሁለቱን ጠርሙሶች ደረቴ ላይ አቅፌ በእግሬ ቀጠልኩ። ግመል የሚነዳ አንድ አፋር ሽማግሌ አግኝቶኝ ጠርሙሶቹን አየ፤ አንድም ነገር ሳይጠይቀኝ ግመሉን አንበረከከልኝ።

አሥር ሰዓት ላይ ደረስኩ። ዘውዱ የሰሌን ጎጆ ውስጥ ተጋድሟል። ቆዳው ሲቆነጠጥ አይመለስም፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ደም ሥሩ ጠፋብኝ፤ በአራተኛው መርፌ አገኘሁት። አንደኛው ጠርሙስ ሲጋመስ ዓይኑን ገለጠ።

«ደሴ... የሞተሩን ድምፅ አልሰማሁም።»

«ቤንዚን አልቆብኝ ማዶ አቆምኩት።»

«በቀዩ ነው የመጣኸው?»

ቀና ብዬ ጠርሙሱን አየሁ። «በቀዩ ነው» አልኩት።

«አላልኩህም!» አለና ሳቀ። ድምፅ አልነበረውም፤ ጥርሱ ብቻ ታየኝ። «አሸዋውን እንዴት ነው የሚሄደው?»

«ወንድሜ፣ አንተ እንዳልከው ነው።»

ሁለተኛው ጠርሙስ አለቀ። በስኳርና በጨው የበጠበጥኩትን ውሃ በማንኪያ ብሰጠው አልረጋለትም። ፀሐይዋ ሳትጠልቅ እጄ ላይ ሞተ። ስድስቱም ቢደርሱ ይተርፍ ነበር? ስንት ሐኪም ጠየቅሁ! አንዱ «አይታወቅም» አለኝ፤ ሌላው ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ለቤተሰቡ «መንገዱ አስቸግሮኝ ዘገየሁ» አልኳቸው። እናቱ እጄን ይዘው መረቁኝ። ያቺን ምርቃት ተሸክሜ ነው ያረጀሁት።

«አባዬ፣ ምን ሆነህ ነው?» ትዕግሥት ከሞተሩ ወርዳ አጠገቤ ቁጢጥ ብላለች።

«ምንም። የምትሠሪው አፋር ነው አይደል? ቁሚበት እስቲ። መቀመጥማ ሁሉም ይመቻል።»

የሁለቱም መርገጫ ላይ በየተራ ቆመች። የመጀመሪያው አጎነበሳት። ሁለተኛው ላይ ቀጥ ብላ ቆማ፣ ክንዶቿን ዘርግታ፣ ወደ ኋላ ደገፍ አለች። «እውነትም ይለያያሉ!» አለች። ከዚያ ዞር ብላ፣ እንዲሁ ለወግ ያህል፣ «ያኔ አሰብ እያለህ አንተ የትኛውን ዓይነት ነበር የምትነዳው?» አለችኝ።

ከዚያች ጎጆ ወዲህ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

«በነጩ ነው የሄድኩት፣ ልጄ» አልኳት። «በቀዩ ና ብሎኝ ነበር።»