አንዴ ጠርቶ የሚዘጋ ስልክ

እኔ ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ። ወልድያ ቤት ተከራይቼ አዲስ አበባ ላለ ድርጅት ኮድ እጽፋለሁ። መብራት ካለ፣ ኔትወርክ ካለ፣ ሁለቱም ተገናኝተው ካሉ ደግሞ ኮምፒውተሩ «ራሴን ላድስ» ብሎ ካልተኛብኝ ማለት ነው። እናቴ ያለችው መርሳ ነው። መናኸሪያው ላይ ከሚኒባስ እንደወረድኩ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ የተበላሸ ዕቃውን ይዞ ይከበኛል። አንዱ የዲሽ ሪሲቨሩን፣ አንዱ የማይከፈት ፍላሹን፣ አንዷ የይለፍ ቁጥሩ የጠፋባትን ስልክ። «ኢንጂነር አይደለህ እንዴ?» ይሉኛል። ነኝ፤ ግን ሪሲቨር ጠጋኝ አይደለሁም ብል ማን ይሰማኛል?

ሰዎቹ አያናድዱኝም። የሚያናድዱኝ ዕቃዎቹ ናቸው። አጎቴ ግራና በምትባል ገጠር ዕድሜውን ሙሉ ያረሰ ሰው ነው። ልጆቹ የገዙለት ስልክ በጣት አሻራ ካልሆነ አልከፍትም አለው። አጎቴ ጣቱን ይጫናል፤ ስልኩ «ጣትዎን ያጽዱ» ይለዋል። ታጥቦ ይመጣል፤ አሁንም «ጣትዎን ያጽዱ»። «ይሄ ዕቃ ቆሻሻ አለኝ'ኮ!» ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ምን ልበለው? አሻራውን ማረሻ በልቶታል። ስልኩን የሠራው ሰው ሞፈር የጨበጠ እጅ አይቶ አያውቅም። ቢሮው ውስጥ ካሉ ለስላሳ ጣቶች ሌላ በዓለም ላይ ጣት ያለ አይመስለውም።

ይህ ሁሉ ዕቃ ደግሞ ስሙ ብልጥ ነው። ብልጥ ስልክ፣ ብልጥ ቴሌቪዥን፣ ብልጥ ሰዓት። የአገሬ ሰው «አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች» ያለው ለነዚህ ነው እላለሁ። አንዱ ብልጥ ስልክ እናቴን ምን እንዳደረጋት ልናገርና ፍረዱኝ።

ታናሽ እህቴ ዐረብ አገር ናት። ስትሄድ ለእማ አልነገረቻትም። «ገበያ ደርሼ መጣሁ» ብላ ነጠላዋን አደረገችና ወጣች፤ በዚያው ቀረች። በእኛ ዘንድ መንገደኛ ሳይመረቅ አይወጣም። እዚሁ ጎረቤት ያለችው ሐራ ድረስ ለሚሄድ እንኳ እማ ከበር ቆማ እጇን ዘርግታ ዱአ ታደርጋለች። ባሕር የሚሻገር ልጅ ደግሞ ያለ ምርቃት? እማ ለወራት ስሟን አላነሳችም። እኛም ስናነሳ «ተዉኝ፤ ሳልመርቃት የሄደች ልጅ አለችኝ አልልም» ትላለች። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታን ታለቅሳለች።

ከዚያ አንድ ጁሙዓ፣ ከአስር ሰላት በኋላ፣ የእማ ትንሿ ስልክ አንዴ ጠርታ ዝም አለች። እኔ አጠገቧ ነበርኩ፤ ቁጥሩ የውጭ አገር ነው። «እሷ ናት» አልኩ። እማ ስልኩን በመዳፏ ይዛ ብዙ ቆየች። ከዚያ አረንጓዴውን ተጫነች፤ ወዲያ አንዴ እንደጠራ ዘጋችው።

በቃ፣ በዚህ ታረቁ። አንድም ቃል አልተነጋገሩም። ኋላ ከተመላሾች እንደሰማነው፣ እህቴ የምትሠራበት ቤት ያለችው እመቤት ስልክ አታስይዛትም። ጁሙዓ ቆሻሻ ልትጥል ስትወጣ የጎረቤት ቤት ሠራተኛ፣ ሾፌር፣ ዘበኛ፣ ያገኘችውን ለምና አንዴ ትደውልና ትዘጋለች። ትርጉሙ «ደህና ነኝ» ነው። እማም አንዴ ደውላ ትዘጋለች። የሷ ትርጉሙ «አልተቀየምኩሽም» ነው። እህቴ የእማን ጥሪ እስክትሰማ በሰው ስልክ አጠገብ ቆማ ትጠብቃለች፤ ሰምታ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ቁጥሩ በየሳምንቱ ይለያያል፤ እማ ግን ማንበብ ስለማትችል ቁጥር አይገዳትም። ጁሙዓ ከአስር በኋላ አንዴ ጠርቶ የሚዘጋ ልጇ ናት፤ አለቀ። አገሩ ሁሉ ሚስ ኮል ሲያደርግ የኖረ ነውና ይህን የሚያስተምራት ሰው አላስፈለጋትም።

ብልጡን ስልክ የላከችው እህቴ ራሷ ናት። ከዐረብ አገር ለተመለሰች የሐራ ልጅ ሰጥታት መጣ። «ወደፊት ስልክ ከፈቀዱልኝ ፊትሽን አይበታለሁ» የሚል መልእክት አብሮ ነበር። እማ ስልኩን ተቀብላ ሳመችው። የድሮዋ ትንሽ ስልክ ባትሪዋ አብጦ ጀርባዋ አልገጥም ብሎ ስለነበር በደስታ ቀየርንላት። ለተወሰነ ጊዜም ሁሉ ነገር እንደ ነበረው ቀጠለ፤ ጁሙዓ ይጠራል፣ እማ ትመልሳለች።

ከዚያ ስልኩ ራሱን አደሰ። ማንም አላዘዘውም፤ ደግሞ ማን ጠይቆን ያውቃል? ጠዋት ስንነሳ መልኩ ተለውጦ፣ መደወያው ሌላ ቀለም ተቀብቶ አገኘነው። እማ «ምነው ይሄ ልጅ ልብስ ቀየረ?» ብላ ሳቀች። ከዚያ በኋላ ግን ጁሙዓ መጣ፣ ስልኩም ዝም አለ። የሚቀጥለውም ዝም፣ ከዚያ ወዲያም ዝም።

እማ ሰግዳ ስታበቃ ከመስገጃዋ አትነሳም። ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ መግሪብ እስኪደርስ ታፈጥበታለች። እኔ በመጣሁ ቁጥር እደውልላታለሁ፤ ይጠራል። ድምፁን አያለሁ፤ ከፍ ብሏል። ሲም ካርዱ ደህና ነው። ያመለጠ ጥሪ የሚታይበትን እከፍታለሁ፤ የለም፤ ስልኩ ራሱን ሲያድስ የድሮዎቹንም ቁጥሮች ጠርጓቸዋል። መርሳ ያለ ሞባይል ጠጋኝ ጋ ብንወስደው ሳያይ «ፍላሽ እናድርገው» አለ፤ ያለበትን ሁሉ አጥቦ እንደ አዲስ መጫን ማለት ነው። ለነሱ ሁሉ ነገር መድኃኒቱ ፍላሽ ነው፤ ራስ ምታት ብትነግራቸውም ፍላሽ ያደርጉሃል። እማ ስልኩን ነጥቃ ከእጁ ወሰደችው። «ልጄ የላከችልኝን አታጥቡብኝ» አለች።

ከስልኩ ይልቅ ወሬው ባሰ። በወረዳችን በሀብሩ ልጇን ዐረብ አገር ያልሰደደች እናት ማግኘት ከባድ ነው፤ አስከሬን በሳጥን የመጣላት እናትም ሩቅ አይደለችም። ሰው አጠገቧ ሲያወራ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማውራት ጀመረ። እማ እህል ከአፏ ጠፋ። አንድ ቀን ወልድያ ደወለችልኝና ረጋ ብላ፣ «ነገ ና፤ ሰደቃ ላወጣላት ነው» አለችኝ። እንዲህ ተጠርቶ ሰደቃ የሚወጣው ለሞተ ሰው ነው፤ ጆሮዬን አላመንኩም። «ለማን?» አልኩ። «ለእህትህ። ቢያንስ በዱአ ልሸኛት» አለች። ከዚህ በላይ የሚያስጨንቅ ነገር ሰምቼ አላውቅም።

ጠዋት ደረስኩ። እማ ነጭ ሻሽ አስራ ደጃፍ ተቀምጣለች። አብሽሪ፣ ቆዪ፣ ቸኮልሽ እያልኩ እየለመንኳት ስልኳን ከእጇ ወሰድኩ። ያኔ ነው ያ ስልክ ጢን ብሎ ማስታወቂያ ያወጣው። በእንግሊዝኛ፣ ከነአበባው ከነርችቱ፣ «እንኳን ደስ ያለዎት! ከአጭበርባሪ ደዋዮች ጠብቀንዎታል። የታገዱትን ለማየት እዚህ ይጫኑ» ይላል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

ተጫንኩ። የዐረብ አገር ቁጥሮች ተደርድረው ወጡ። ሁሉም ጁሙዓ፣ ሁሉም ከአስር በኋላ፣ ሁሉም አንዴ የጠሩ። መጀመሪያ በየጁሙዓው አንድ አንድ ጥሪ ነው። ከዚያ ከአንዱ ቁጥር ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ አከታትላ። መልስ ስታጣ ደግማ ደጋግማ ስትሞክር ታየኝ። የመጨረሻዎቹ ጁሙዓዎች ላይ ግን ምንም የለም።

በንዴት ነደድኩ። ምክንያቱም ምን እንደተደረገ ገባኝ፤ ሥራዬ ነው። በዓለም ላይ አንዴ ደውለው የሚዘጉ አጭበርባሪዎች አሉ፤ አንተ መልሰህ ስትደውል ሒሳብህን ይልጡታል። እናም አንድ የሙያ ባልደረባዬ፣ የት አገር እንዳለ የማላውቀው፣ ወንበሩ ላይ ተደግፎ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ ቁጥሩ የውጭ ከሆነ፣ በስም ካልተመዘገበ፣ የመጀመሪያውን ደወል አታሰማ፤ አንዴ ጠርቶ ከዘጋ፣ አጭበርባሪ ነው፤ አፍነው፤ ባለቤቱንም አታስቸግረው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው ነገሩ። ጓደኞቹ «ጎበዝ» ብለውት ይሆናል። እኔም ሥራው ሲገመገም እዚያ ብኖር ኮዱ ንጹሕ ነው ብዬ አልፈው ነበር ይሆናል፤ በወረቀት ላይ ሲታይ እንከን የለውም'ኮ። የኔ ጥሪ የሚጠራው ስሜ ስለተመዘገበ ነው። የታገዱትንም ያስቀመጣቸው ከሌላው ጥሪ ለይቶ፣ ሦስት ማውጫ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ሰው በማይደርስበት ጓዳ ነው። በቤቴ፣ በእናቴ ስልክ፣ እኔን ሳይጠይቅ!

«እማ፣ አለች!» አልኩ። «ስትደውል ነበር፤ ስልኩ ነው ያፈናት።»

እማ መጀመሪያ አልሐምዱሊላህ ብላ መሬቱን ሳመች። ቀና ስትል ግን ፊቷ ተለውጧል። «ለምን አፈናት?»

«አጭበርባሪ መስላው።»

«ልጄን? ሰው ቤት ወለል የምትወለውለውን ልጅ? ማን ነው እሱ?»

«ማንም አይደለም እማ፤ ስልኩ ራሱ ነው።»

«ዕቃ እንዴት ሰው ይሰድባል? ያለው ሰው አለ እንጂ» አለች። ትክክል ናት።

መጨረሻ ላይ ወደተደወለበት ቁጥር ደወልኩ፤ እማ እንድትሰማ ድምፁን ለቀቅኩት። ሴት አነሳች፤ ያገራችን ልጅ ናት፣ ያች ጎረቤት ቤት የምትሠራው። ማን መሆናችንን ነገርኳት። «እስካሁን የት ነበራችሁ?» አለች።

ስልኩ መበላሸቱን ነገርኳት። ምን ብዬ ላስረዳት?

«ወይኔ! ወይኔ ልጅቱ!» አለች። «ውሏ አልቆ ነበር'ኮ። ልትገባ ሻንጣ ገዝታ፣ ለእማማ ሻሽ ገዝታ ተሰናድታ ነበር። እናቴ መልሳልኝ ልነሳ እያለች ስልኬን ይዛ ቆማ ትጠብቃለች። ስትቀሩባት ጊዜ፣ ‹እናቴ ቂሟ ተመልሶባታል፤ ሳትመርቀኝ ወጥቼ ሳትፈልገኝ በምን ፊቴ እገባለሁ› አለችና ፈረመች።»

«ምን ፈረመች?»

«ሌላ ሁለት ዓመት። ሌላ ከተማ ወሰዷት።»

እማ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው። «የኔ ልጅ፣ አፈር ስሆንልሽ፣ አልተቀየመችሽም በይልኝ። ስትመልስልሽ ነበር፣ ስልኩ ነው በይልኝ።»

«እማማ፣ አንቱማ ምን ያድርጉ። የምነግርበት የለኝም እንጂ እነግርልዎት ነበር። እሷ ካልደወለች እኔ እሷን አላገኛትም። ከሄደች ወዲህ እኔ ጋም ደውላ አታውቅም።»

«ትደውላለች ግን? ኢንሻአላህ ትደውላለች አይደል?»

ከዚያ እዚያ ያለች ሴት በዐረብኛ ስትጮህ ተሰማና ስልኩ ተዘጋ።

እማ አላለቀሰችም። «ሁለት ዓመት» አለች፤ በጣቷ የቀኝ ጉልበቷን እያሸች። ስኳርና ደም ግፊት አለባት፤ ዓይኗም እየደከመ ነው። «ከሁለት ዓመት በኋላ ማንን አገኛለሁ ብላ ነው?»

እኔ ያን ቀን ያደረግሁት ነገር ቢኖር ቅንብሩ ውስጥ ገብቼ እገዳውን ሁሉ ማንሳት ነው። አንዱንም አላስቀረሁም። ስልኩ «እርግጠኛ ነዎት? ለአጭበርባሪዎች ይጋለጣሉ» ብሎ አስጠነቀቀኝ። ለአንድ ጊዜ እንኳ እውነቱን ነበር። ከዚያ ወዲህ አጭበርባሪው ሁሉ ይደውልባታል፤ ሽልማት ደርሶዎታል የሚለው፣ ሒሳብዎ ሊዘጋ ነው የሚለው፣ በማላውቀው ቋንቋ የሚለፈልፈው። ልዝጋልሽ ስላት እሺ አትልም። አሁን በአንድ ጥሪ አትተማመንም፤ ቀን ሳትመርጥ፣ ገና ሁለተኛው ሳይጠራ ታነሳዋለች። አሎም አትል፣ ማን ነው ብላም አትጠይቅ። ማንም ይሁን ማን፣ መጀመሪያ የምትለው «ልጄ፣ አልተቀየምኩሽም፣ ነይ» ነው።