ሜዳው ላይ የጠፋው ሐምራዊ አበባ

ከሀዋሳ የወጣነው በኅዳር ወር፣ ጭጋጉ ከሐይቁ ላይ ሳይነሣ ነው። ሾፌራችን ማቴዎስ መጀመሪያ እኔን ከምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ ቀጥሎ ዶክተር ታምራትን ከሐይቅ ዳር አንሥቶ ወደ ደቡብ አቀና። የምንሄደው አንድ አበባ ፍለጋ ነበር።

እኔ በዩኒቨርሲቲው የዕፅዋት ክፍል የተክል ሥዕል እሠራለሁ። ተመራማሪዎቹ የሚያመጡትን ተክል ቅጠሉን፣ አበባውን፣ ፍሬውን በልኩ እስላለሁ። ፎቶ ባለበት ዘመን ሥዕል ለምን ያስፈልጋል ለሚለኝ ሰው፣ ፎቶ የሚያሳየው አንዱን ተክል ነው፣ ሥዕል ግን ዝርያውን ያሳያል ብዬ እመልሳለሁ። ዶክተር ታምራት የዕፅዋት ምደባ መምህር ነው። ዕድሜያችን ስለሚቀራረብ «አንተ»፣ «አንቺ» ነው የምንባባለው።

ባለፈው ዓመት ተማሪዎቹን ይዞ የደጋ ሣር ሲያጠና፣ ከዚያ በፊት አይቶት የማያውቀው ሐምራዊ አበባ አጋጠመው። አበባው የኮሸሽላ ዘመድ ነው። ኮሸሽላን የሚያውቅ ሰው መልኩን መገመት አያቅተውም፤ ክብ ራስ አለው፣ እሾሁ ግን ለዘብ ያለ ነው። የሳይንስ ሰዎች ይህን ወገን ሴንቶሪያ ይሉታል። አንዱን ዝርያ ከሌላው የሚለዩት ከአበባው ሥር እንደ ዓሣ ቅርፊት በተደራረቡት ትንንሽ ቅጠሎች ነው። የአንዱ ቅርፊት ጫፍ እሾህ ያወጣል፣ የሌላው ደግሞ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተተለተለ ነው። ፍሬውም አናቱ ላይ ባለው ፀጉር ይለያል። ታምራት ያመጣው ናሙና ገና እንዳበበ ስለነበር ፍሬ አልያዘም። ቅርፊቱ ግን ከሚታወቁት አንዱንም አይመስልም። አዲስ ዝርያ ነው ብሎ ለመጻፍ ፍሬ የያዘ ተክል ማግኘት ነበረበት። እኔ ደግሞ ሳይደርቅና ቀለሙ ሳይለወጥ በቦታው ልስለው ተከተልኩት።

እስከ ይርጋለም

ቱላን አልፈን አፖስቶ መገንጠያ ላይ ስንደርስ አናናስ ሻጮች መኪናውን ከበቡት። ከሀዋሳ ገበያ በግማሽ ዋጋ ነበር፤ ማቴዎስ ለመልስ መንገድ ይሻላል ብሎ አስተወን። ይርጋለም ላይ ፉል በዳቦ በላን። ታምራት እየበላ እንኳ ስለ አበባው ከማውራት አላቆመም። ሜዳው ላይ ብዛቱ እንዴት እንደሆነ፣ ፀሐይ ሲወጣ መሬቱ ሁሉ ሐምራዊ እንደሚሆን፣ ሰዎቹም ባለፈው ዓመት ወተት ይዘው እንደተቀበሏቸው ነገረን። በእሱ አፍ ስሰማው ቦታውን ያየሁት ያህል ሆነልኝ።

ከዚህ በኋላ ያሉትን የቦታ ስሞች አልጽፍም። ቃል ስለገባሁ ነው።

ሽቅብ

አስፋልቱ አለቀና ቀይ አፈር ተተካ። ቡናው ቀስ በቀስ እያነሰ፣ እንሰቱ እየገዘፈ፣ ከዚያም ቀርከሃው ከመንገዱ ግራና ቀኝ እየቆመ መጣ። አየሩ ቀዘቀዘ። ሴቶች የወተት ዕቃ በጀርባቸው አዝለው ወደ ገበያ ይወርዳሉ፤ ወንዶቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው በፈረስ ያልፉናል። ማቴዎስ የተወለደው በዚያው ደጋ አካባቢ ነው። መስኮቱን ዝቅ እያደረገ በሲዳምኛ ሰላም ይል ነበር። ታች ያሉት ሁሉ መለሱለት። ወደ መንደሩ ስንቀርብ ግን የሚመልስለት ጠፋ። አንዲት ሴት መኪናው ላይ የተጻፈውን የዩኒቨርሲቲ ስም አየችና ፊቷን አዙራ ገባች። ማቴዎስ መስኮቱን ዘጋው።

«ዛሬ ልቅሶ ሊኖር ይችላል» አለ። እኛም እንደዚያ መሰለን።

መኪናውን ከቀርከሃው ዳር አቁመን ቀሪውን በእግር ወጣን። ታምራት ዕድሜውን የረሳ ይመስል ከፊት ከፊት ይሄዳል። ጉብታውን ቀድሞ ተሻገረ፤ ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ስደርስበት ቆሞ ነበር።

ሜዳው በሙሉ ተቆፍሯል። ታርሶ ቢሆን ይገባኝ ነበር፤ ይሄ ግን እርሻ አይደለም። ሣሩ እንዳለ ሆኖ በመሀል በመሀሉ የሰው ጭንቅላት የሚያክል ጉድጓድ፣ እሱን አልፎ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ፣ ዓይን እስከሚደርስ ድረስ ይታያል። መጀመሪያ ጃርት ነው አልኩ። ማቴዎስ አንዱ ጉድጓድ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ የአፈሩን ግድግዳ በጣቱ ነካው። የዶማ ምልክት ነበረበት። ከሜዳው ጥግ የተቃጠለ ክምር አገኘን። ከሥሩ ያልነደዱ አገዳዎች ወጡ። ታምራት አንዱን አንሥቶ የተንጨረጨረውን አበባ ዘረጋው። ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ የተተለተለ ቅርፊት እጁ ላይ ረገፈ። መሬት ላይ ተቀመጠ። ፊቱ የሆነውን ሳይ የራሴን ድንጋጤ ረሳሁት። አንድ ተክል ሲጠፋ በመጽሐፍ አንብቤ አውቃለሁ። ከክምሩ የሚወጣው አመድ ግን ሽታው ገና አልለቀቀም ነበር።

ሰዎቹ

ከመንደሩ ወንዶች ወደ እኛ መጡ። ከፊት ያሉት አቶ ሌዳሞ የሚባሉ፣ አገሩ የሚሰማቸው ሽማግሌ ናቸው። ማቴዎስ ጎንበስ ብሎ ሰላም አላቸው። ሰላምታውን መለሱ፤ ከዚያ ረጅም ነገር ተናገሩ።

«ምን አሉ?» አለው ታምራት።

«ቢቀር ይሻላል፣ ዶክተር።»

«ንገረኝ።»

ማቴዎስ መሬት መሬት እያየ ተረጎመ። ባለፈው ዓመት እናንተ መጥታችሁ መሬታችን ላይ ችካል ቸከላችሁ፣ ገመድ ወጠራችሁ፣ አበባውን አንድ በአንድ ቆጠራችሁ፣ ከዚያ ሄዳችሁ። ምን እንደሆነ የነገረን የለም። ኋላ ገበያ ላይ፣ ሌላ አገር የዱር እንስሳ ተቆጥሮ መሬቱ ፓርክ ሆነ፣ ከብት መግባት ተከለከለ ሲባል ሰማን። እኛ ከዚህ ሜዳ ሌላ ግጦሽ የለንም። ስለዚህ መከርን። የሚቆጠረው ከሌለ ቆጣሪ አይመጣም፤ ቆጣሪ ካልመጣ አጥር አይኖርም። ልጅ ያዘለች እናት ሳትቀር ሁሉም ወጥቶ ቆፈረ። ከሥሩ ካልወጣ መልሶ ይበቅላልና ከሥሩ አወጣነው።

ታምራት ባለፈው ዓመት ሥራውን ለወረዳው ጽሕፈት ቤት ሰዎች አስረድቶ ነበር። ለነዋሪው ይነግሩልኛል ብሎ ነው የሄደው። ይህን ለመናገር አፉን ሲከፍት አየሁት፤ ግን ተወው። ከመሬት ተነሥቶ አቶ ሌዳሞ ፊት ቆመና መምጣቱ ለምን እንደነበር ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገራቸው። ችካሉ ለመቁጠር ብቻ እንደሆነ፣ የአበባውን ማንነት ለማወቅ እንጂ መሬቱን ፈልጎ እንዳልመጣ አስረዳ። ሽማግሌው አቋረጡት። ማቴዎስ ጥያቄያቸውን እንዳለ አስተላለፈ፦

«አዲስ ሆኖ ቢገኝ፣ ሌላ ቦታም የሌለ ቢሆን፣ ያኔ መሬቱን አይወስዱብንም? አንተ ትምላለህ?»

ታምራት ዓይናቸውን እያየ መለሰ።

«አልምልም። እኔ አልወስድም፤ የሌላውን ግን አላውቅም፣ አባባ። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ነገሩ ሳይከር ወደ መኪናው ብንመለስ ይሻላል ብዬ እያሰብኩ ነበር። አቶ ሌዳሞ ግን ይህን መልስ ሲሰሙ ትከሻቸው ላላ። ቢምልላቸው ኖሮ አያምኑትም ነበር ብሎኛል ማቴዎስ በኋላ። እንግዳ ሳይቀምስ አይሄድም ተብሎ ቤታቸው ገባን። በቅቤ የታሸ ቆጮ፣ እነሱ ቡርሳሜ የሚሉት፣ ከእርጎ ጋር ቀረበልን። ታምራት ከአክብሮት ጥቂት ጎረሰ። እኔ በልቼ እጨርሳለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ ብርዱና ድንጋጤው ግን አስርቦኝ ኖሯል።

ከእንሰቱ ጀርባ

ስንወጣ አንዲት ጠና ያሉ ሴት የአጥሩን በር ይዘው እየጠበቁን ነበር። ወይዘሮ ዱካሌ ይባላሉ። ማቴዎስን ለብቻ ጠርተው አነጋገሩት። ተመልሶ ሲመጣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እኚህ እናት ሁሉም ሲቆፍር የእሳቸውን አልነቀሉም፣ ችካል ካልቸከላችሁና የት እንደሆነ ለማንም ካልነገራችሁ ያሳዩአችኋል አለን። ሁለታችንም ቃል ገባን።

ከእንሰታቸው ጀርባ በቀርከሃ የታጠረ መቃብር አለ። አበባው እዚያ ነበር። ከብት ስለማይገባበት እስከ ጉልበት አድጓል፣ ግማሹ አብቦ ግማሹ ፍሬ ይዟል። የቀረው በጣት የሚቆጠር ነበር። ባዶውን ሜዳ ካየሁ በኋላ ያንን ቀለም ሳየው ወዲያው ደብተሬን አወጣሁ።

«የባለቤቴ የሁሪሳ መቃብር ነው» አሉ ወይዘሮ ዱካሌ በማቴዎስ በኩል። «ንቀዪ ተብዬ ነበር። ዶማ ይዤ መጣሁ። እሱ ላይ ዶማ ማንሣት ግን አቃተኝ።»

ቁጭ ብዬ መሳል ጀመርኩ። ቅጠሉ ከሥሩ በነጭ ሱፍ የተሸፈነ ነው። የዳር ዳሩ አበባ ከመሀሉ ይረዝማል፣ ጫፉ ላይም እየደበዘዘ ወደ ነጭ ይሄዳል፤ ደርቆ የመጣው ናሙና ይህን አያሳይም ነበር። ታምራት በማጉያ መነጽር እያየ ይነግረኛል፣ እኔ እስላለሁ። ሴትዮዋ ከጎኔ ተቀምጠው እርሳሱን በዓይናቸው ይከተላሉ። አንድ ተክል ከነሥሩ መውሰድ ለሥራው እንደሚያስፈልግ ታምራት በትህትና ጠየቃቸው። እምቢ አሉ። ሥሩ ከእሱ ጋር ነው ያለው አሉ። ከዚያ በገዛ እጃቸው ፍሬ የያዘ አንድ ቅርንጫፍ በቢላ ቆርጠው ሰጡት። አልተከራከራቸውም።

በዚህ መሀል ከእንሰቱ ውስጥ ኮቴ ሰማን። አቶ ሌዳሞ ነበሩ። አበባውን አዩ፣ የእኔን ሥዕል አዩ፣ ከዚያ ወይዘሮ ዱካሌን አዩ። ሴትዮዋ ተነሥተው ከመቃብሩ ፊት ቆሙ። አንገታቸውን አልደፉም። በሚቀጥለው ቃል የመጨረሻው አበባ ይነቀላል ብዬ ነበር። ሽማግሌው እጃቸውን የቀርከሃው አጥር ላይ አሳረፉ።

«ይሄ ድሮም የታጠረ ነው» አሉ። «ከዚህ በላይ ማን ያጥረዋል?»

ይህን ብለው በመጡበት ተመለሱ። ወይዘሮ ዱካሌ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

መልስ

ይርጋለም አድረን በማግስቱ ሀዋሳ ገባን። አፖስቶ ላይ ማቴዎስ ፍጥነቱን ቀንሶ አየን፤ አናናስ የሚገዛ ግን አልነበረም። ቤቴ ደርሼ ልጆቼ ሲጠይቁኝ ሜዳው ምን ይመስል እንደነበር ከመንገር ይልቅ የሳልኩትን አበባ አሳየኋቸው።

ፍሬው በአጉሊ መነጽር ሲታይ አናቱ መላጣ ሆኖ ተገኘ። ታምራት ካለው መጽሐፍ ሁሉ ጋር አስተያየው፤ ከሚቀርቡት ዝርያዎች አንዱም እንደዚያ አይደለም። ሌላ ሰው ቢሆን ዕለቱኑ ለኅትመት ያዘጋጀው ነበር። እሱ ግን ወረቀቱን አቆይቶ በሳምንቱ ከማቴዎስ ጋር ተመልሶ ሄደ። እሑድ ከአምልኮ በኋላ በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ከሰዎቹ ጋር ተቀምጦ ሲጠይቁት ዋለ። ቦታው እንዲጻፍ ካልፈቀዱ እንደማያሳትም ነግሯቸው መጣ። እስካሁን እየመከሩ ነው።

እኔን እስከ ዛሬ የሚያስደነግጠኝ በዚያ ሜዳ ላይ አበባውን የጠላ ሰው አለመኖሩ ነው። ቆፋሪዎቹ ለከብቶቻቸው ፈሩ፤ እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን ዶማዬን ይዤ እወጣ ነበር። አበባውን ማን ነህ ብለን ለመጠየቅ ያን ሁሉ መንገድ ስንሄድ፣ እኛ ማን እንደሆንን ለሰዎቹ የነገረ አልነበረም። የጉዞው ትምህርት ይሄ ነው፤ ዋጋው ግን አንድ ሙሉ ሜዳ ነበር።

ታምራት ዳግመኛ ሲሄድ ለወይዘሮ ዱካሌ አንድ ሥዕል ሠርቼ ልኬላቸው ነበር። እኛ ዘንድ ከሥዕሉ ሥር የዝርያው ስም ይጻፋል። ስሙ ገና ስላልወጣ ባዶ ትቼው፣ ምን እንዲጻፍበት እንደሚፈልጉ ማቴዎስ እንዲጠይቃቸው አደረግሁ። ብዙም ሳያስቡ መለሱ አለኝ። ማቴዎስ የእኔን እርሳስ አልያዘም ነበርና በእስክሪብቶ፣ በተጣመመ ጽሕፈቱ፣ ከአበባው ሥር «ሁሪሳ» ብሎ ጻፈላቸው።